ስለ እጅና ስለ ሹካ

የሰው እጅ ከዕቃ ሁሉ አስቀድሞ የተሰጠ ዕቃ ነው። ማንካ ከእንጨት ሳይጠረብ፥ ቢላዋ ከብረት ሳይቀጠቀጥ፥ ሹካም ገና ስሙ ሳይታወቅ፥ ሰው ውኃውን በመዳፉ ጠጣ፥ እህሉንም በጣቱ አነሣ። ሕፃንም ዛሬ ቢሆን ማንም ሳያስተምረው ያገኘውን ሁሉ በእጁ ይዞ ወደ አፉ ያቀርባል። እንግዲህ በእጅ መብላት የአንድ ሕዝብ ብቻ ልማድ አይደለም፤ የሰው ሁሉ የመጀመሪያ ልማድ ነው። ይህ እንዲህ ሳለ በዚህ ነገር ብዙ ሰው በብዙ ሰው ላይ ይስቃል፤ ሳቁም አንዳንድ ጊዜ ቤተ ሰብን ይለያያል።

ወላጆቹ በገጠር በእርሻ የሚኖሩ አንድ ልጅ በከተማ ባለ ተማሪ ቤት እያደረ ይማር ነበር። በዚያ ተማሪዎቹ በረጅም ገበታ ተቀምጠው በማንካና በሹካ ይበሉ ነበርና፥ በሁለት ዓመት ውስጥ ነገሩን አጥብቆ ለመደው። በሰኔ ወር ተማሪ ቤቱ በተዘጋ ጊዜ ወደ አገሩ ገባ። እናቱ ዶሮ ሠራች፤ ጎረቤቱም ተጠራ። መሶቡ ተከፍቶ፥ ሰዉ ሁሉ ታጥቦ፥ አባትዮው ባርኮ እንጀራውን በቈረሰ ጊዜ፥ ልጁ ወደ ኋላ ሸሸት አለና፥ «እናቴ፥ ሹካ የለም ወይ?» አለ። እናቲቱ ነገሩ አልገባትም። እርሱም፥ «ብዙ እጅ በገባበት መብላት ልማዴ አይደለም» ብሎ ጨመረ።

በመሶቡ ዙሪያ ያለው ሰው ዝም አለ። ጣቶቿ በቁርጥማት ተጣጥፈው ምራትዋ እያጎረሰቻት የምትበላው አሮጊት አያቱ ብቻ፥ «ምነው ልጄ፥ እጅህን ምን አገኘው?» ብላ ጠየቀች፤ እንደ እርስዋ የታመመ መስሎአታልና። አባትዮው የቈረሰውን መልሶ አኖረው። እናቲቱ ተነሥታ ወጣች፤ ሦስት ቤት ዞራ ከአንድ ነጋዴ ቤት እጀታው የተሰበረ ማንካ ተውሳ መጣች፤ ወጡንም በሳሕን ለይታ በበርጩማ ላይ አቀረበችለት። ልጁም በጥግ ብቻውን ተቀምጦ በላ። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ማንም አልተቈጣውም። ዳሩ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «እንብላ» ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። በኢትዮጵያ ቤት ከዚህ የሚከፋ ቅጣት ጥቂት ነው፤ እርሱ ግን የተከበረ መስሎት ክረምቱን ፈጸመ።

ይህ ልጅ በተማሪ ቤት የተማረው ምንድር ነው? በሹካ መብላትን ብቻ ተምሮ ቢሆን መልካም ነበር፤ አዲስ ነገር ማወቅ ነውር አይደለምና። እርሱ ግን ከሹካው ጋር ሌላ ነገር ደርቦ ተማረ፤ ይኸውም በእጁ የሚበላውን ሰው እንደ ርኩስ መቍጠር ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላነበበውም፤ መምህሩም አላስተማረው ይሆናል፤ ዝገት ከብረት ጋር እንደሚመጣ ከሹካው ጋር ተጣብቆ መጣ።

የሹካን ታሪክ ቢያውቅ ኖሮ ባልታበየ ነበር። የኤውሮፓ ሰዎች ራሳቸው ብዙ ዘመን በእጃቸው ይበሉ ነበር። እንደ እነርሱ አቈጣጠር በ11ኛው መቶ ዓመት ከቍስጥንጥንያ መጥታ የቬኒስን መስፍን ያገባች አንዲት እመቤት፥ ምግብ በጣቴ አልነካም ብላ፥ አገልጋዮችዋ ቈራርጠው ያቀረቡላትን በወርቅ ሹካ እየወጋች ትጎርስ ነበር። በዚያ ዘመን የነበረው መነኵሴ ጴጥሮስ ዳምያኒ ስለ እርስዋ ጽፎ፥ ነገሩን ታላቅ ቅንጦት አደረገው፤ በኋላ በክፉ ደዌ መሞትዋንም የእግዚአብሔር ፍርድ ነው አለ። የመነኵሴው ፍርድ ያለ ልክ የከረረ ነው፤ እመቤቲቱ በደዌ ሞተች እንጂ በሹካ አልሞተችም። ነገር ግን በዚያ ጊዜ በኢጣልያ ነውር የሆነው በእጅ መብላት ሳይሆን በሹካ መብላት እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል።

ከዚያም በኋላ አምስት መቶ ዓመት አልፎ፥ ቶማስ ኮርያት የሚባል እንግሊዛዊ በ1608 በኢጣልያ ሲዞር ሰዎች ሥጋ ሲቈርጡ በትንሽ ሹካ ይዘው አየ። ምክንያቱን ቢጠይቅ፥ የሰው ሁሉ ጣት እኩል ንጹሕ አይደለም ተባለ። ምክንያቱ ደግ ነው፥ የሚነቀፍም አይደለም። በ1611 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ተረከ፤ ወደ አገሩም ተመልሶ በሹካ በበላ ጊዜ ወዳጆቹ የቀልድ ስም አወጡለት። በአንዱ አገር በሹካ የበላ ተሳቀበት፥ በሌላው አገር በእጁ የበላ ይሳቅበታል። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛም ያ ሁሉ ወርቅና ብር በፊቱ ተደርድሮ ሳለ በጣቱ ይበላ ነበር፤ ሹካ በኤውሮፓ የብዙ ሰው ዕቃ የሆነው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለተማሪ የሚጠቅመው የኤራስሙስ ነገር ነው። ይህ የሮተርዳም ሊቅ በ1530 ስለ ልጆች ጨዋነት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉም በብዙ አገር ተማሪ ቤቶች ይነበብ ነበር። በውስጡ ቅባት የነካውን ጣት መላስ ወይም በልብስ መጥረግ ነውር መሆኑን ለልጆች ይመክራል። እንግዲህ ታላቁ ሊቅ የጻፈላቸው ልጆች በጣታቸው የሚበሉ ልጆች ነበሩ ማለት ነው፤ ምክሩም አንዲት የጎጃም ወይም የሸዋ እናት በመሶብ አጠገብ ለልጅዋ የምትናገረው ምክር ነው።

በመሶብ ዙሪያ መብላት ሥርዓት የሌለው ነገር የሚመስለው ሰው፥ ተቀምጦ አላየውም። አስቀድሞ ከቤቱ ልጆች አንዱ ማንቈርቈሪያና ማስታጠቢያ ይዞ፥ ፎጣ በክንዱ አድርጎ፥ ከሽማግሌው ጀምሮ በየተራ ያስታጥባል። ይህ የውርደት ሥራ አይደለም፤ ነቢዩ ኤልሳዕ በመጽሐፍ የታወቀው የኤልያስን እጅ ያስታጥብ የነበረ ሰው ተብሎ ነው። ሽማግሌው ሳይባርክና ሳይቈርስ ማንም እጁን አይዘረጋም። በቀኝ እጅ ይበላል። ወጥ የሚነካው የጣት ጫፍ ነው እንጂ መዳፍ አይደለም። እያንዳንዱ ከፊቱ ይቈርሳል፥ ወደ ባልንጀራው ፊት አይሻገርም። የዶሮውን ብልት ለየሰው የምታወጣ ባለቤቲቱ ናት፤ ማንም ራሱ መርጦ አያነሣም። ቶሎ የጠገበ ሰው ሌላው እስኪጠግብ ጥቂት ጥቂት እየቈረሰ ይጠብቃል፤ ቢነሣ ባልንጀራውን ያሳፍረዋልና። መንገደኛ በደጅ ቢያልፍ «እንብላ» ይባላል። በአንድ መሶብ የሚበላ ሰው የባልንጀራውን ድርሻ በዓይኑ እያየ ይበላል፤ ስለዚህ ሆዳምነቱን መሸሸግ አይችልም። ለየራሱ በሳሕን የቀረበለት ሰው ግን ከጎኑ ያለው ይጥገብ አይጥገብ ማሰብ አያስፈልገውም።

ጉርሻም አለ። በሠርግና በግብዣ ጊዜ ያለው ጉርሻ ለጨዋታና ለፍቅር ነው፤ «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ያምራል» ይባላል። ነገር ግን የጉርሻ ትልቅነት የሚታወቀው በለቅሶ ቤት ነው። ልጅዋ የሞተባት ሴት እህል አልቀምስም ብላ በተቀመጠች ጊዜ፥ ሳሕንና ሹካ ቢያቀርቡላት አታያቸውም። ጎረቤትዋ ግን አጠገብዋ ተቀምጣ፥ እንጀራውን አጣጥፋ፥ «ስለ እኔ ብለሽ» እያለች ወደ አፍዋ ታቀርብላታለች፤ እንቢ ብትል እጅዋን አንሥታ ትጠብቃታለች። በመጨረሻም ትቀበላታለች። በዚህ ስፍራ እጅን የሚተካ ዕቃ እስከ ዛሬ አልተሠራም።

እንግዲህ ስለ ንጽሕና የሚባለው ነገር ሐሰት ነው ወይ? ሐሰት አይደለም። እጅ ብዙ ነገር ይነካል፥ ደዌም ያስተላልፋል። ይህን ከሁሉ ይልቅ ያስረዳው ሴመልዋይስ የሚባል ሐኪም ነው። በ1847 በቪዬና ከተማ ሐኪም ቤት የሚወልዱ ሴቶች በአራስ ትኵሳት ያልቁ ነበር፤ በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር ከመቶ እናቶች 18 ያህሉ ሞቱ። ሴመልዋይስ ቢመረምር ሐኪሞቹ ሬሳ ከሚመረምሩበት ክፍል እየወጡ እጃቸውን በሚገባ ሳያነጹ ወላዶችን ይነኩ ነበር። እጃቸውን በክሎሪን ኖራ ውኃ እንዲታጠቡ ባዘዘ ጊዜ ሞቱ በጥቂት ወር ውስጥ ከመቶ ወደ 2 ያህል ወረደ። ሐኪሞቹ ግን የጨዋ ሰው እጅ እንዴት ያረክሳል ብለው ብዙዎቹ ተቃወሙት፤ በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ቤት ሞተ። እነዚያ ሐኪሞች በገበታ ላይ በሹካ የሚበሉ ሰዎች ነበሩ። ሹካቸው እናቶቹን አላዳናቸውም፤ ያዳናቸው የታጠበ እጅ ነው።

ስለዚህ የሚገባው ጥያቄ በምን በላህ አይደለም፥ ታጥበሃል ወይ ነው። በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ጥፍር ለጥፍር የታጠበ እጅ፥ በቈሸሸ ውኃ ተለቃልቆ በቈሸሸ ጨርቅ ከተጠረገ ሹካ ይሻላል። ባለቤቱ እጁን ሲታጠብ በዓይኑ ያያል፤ ሹካውን ማን እንዳጠበው ግን አያውቅም። በዚህ ነገር መሶብን የሚወዱ ሰዎችም ራሳቸውን መመርመር አለባቸው። በብዙ ቤት መታጠቡ ልማድ ብቻ ሆኖ ቀርቶአል፤ ውኃ በጣት ላይ ጠብ ይደረግና «ይበቃል» ይባላል። እንዲህ ያለውን መታጠብ ልጁ ተማሪ ቤት ሄዶ ቢነቅፈው በእውነት ነቀፈው። ደግሞም ጊዜ የሚያዝዘው ነገር አለ። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና ደዌ ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ፥ ከሰው ጋር እጅ ለእጅ መጨባበጥና መጎራረስ እንዲቀር ተነገረ፤ ብዙ ቤተ ሰብም ለጊዜው በየሳሕኑ በላ። ይህን ያደረገ ሰው አገሩን አልናቀም፤ ሽማግሌውን አዳነ እንጂ። ዛሬም ሳል የያዘው ሰው ጉርሻ ቢቀርበት ቅር ሊለው አይገባም።

ፈሪሳውያን ስለ መታጠብ የጌታችንን ደቀ መዛሙርት በከሰሱ ጊዜ፥ መልሱ ሰውን የሚያረክሰው ከልብ የሚወጣው ነው የሚል ነበር። አንዳንዶች ይህን ለስንፍናቸው ጥቅስ ያደርጉታል፤ ታጠቡ ሲባሉ ይህን ያነሣሉ። ቃሉ ግን ስለ ቈሻሻ አይከራከርም፤ የታጠበ እጁን ይዞ ባልንጀራውን ስለሚንቅ ሰው ይናገራል። በዚያች በመጨረሻይቱ ማታም ጌታና ደቀ መዛሙርቱ እጃቸውን ያጠለቁት በአንድ ወጭት ነበር፤ የሚያስፈራው ነገር ወጭቱ አንድ መሆኑ አልነበረም።

ሹካና ማንካ የፈረንጅ ነው ብለው የሚጠሉም አልጠፉም። እነዚህም የራሳቸውን ቤት አልተመለከቱም። ቁርጥ የሚበላ ሰው ሥጋውን በጥርሱ ነክሶ በከንፈሩ አጠገብ በቢላዋ ይቈርጠዋል፤ እንዲህ ያለ ጥበብ በብዙ አገር አይገኝም። ወጥ በጭልፋ ይወጣል። በቤተ ክርስቲያንም በቅዳሴ ጊዜ ቄሱ ቅዱስ ሥጋውን በእጁ ያቀብላል፥ ዲያቆኑ ደግሞ ክቡር ደሙን በዕርፈ መስቀል ያቀብላል። እጅና ማንካ በአንድ መቅደስ በሰላም ሲኖሩ፥ በአንድ ቤት መኖር ያቅታቸዋል ወይ? የቻይና ሰዎች ከብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ በሁለት ቀጫጭን እንጨት ሲበሉ ኖረዋል፤ ቢላዋ ከማዕድ ቤት እንዳይወጣ አድርገውታል። ሕንዶች በቀኝ እጃቸው ሩዝ ይበላሉ። የናፖሊ ድሆች እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ መኮሮኒን በመንገድ ዳር ቆመው በጣታቸው ከፍ አድርገው ወደ አፋቸው ያወርዱት ነበር። መኮሮኒና ፓስታም በኢትዮጵያ ከተሞች ተለመዱ፤ ብዙ ሰው ዛሬ ፓስታን በእንጀራ እየጠቀለለ በእጁ ይበላዋል። ጣልያን ቢያየው ይደነግጥ ይሆናል፤ አያቱ በናፖሊ እንዴት ይበላ እንደ ነበረ ቢያስታውስ ግን አይደነግጥም።

እንግዳ የመጣ እንደ ሆነ መሶቡን ወደ ጓዳ አስገብተው፥ ከማያውቁበት ሹካ ጋር እየታገሉ የሚበሉ የከተማ ሰዎች ደግሞ አሉ። ሹካቸው ከሳሕኑ ጋር ይንጫጫል፥ ምግቡ ከአፋቸው ይልቅ ወደ ልብሳቸው ይደርሳል፤ እንግዳውም ያፍርላቸዋል። በዋሽንግተን ከተማ ግን ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የሄዱ ሰዎች ምግብ ቤቶች ከፍተዋል፤ የዚያ አገር ሰዎች እጅጌያቸውን ሰብስበው፥ ገንዘብ ከፍለው፥ እንጀራ መጠቅለልን ይማራሉ። አልቻልሁም ብሎ ሹካ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ባለቤቶቹ ፈገግ ብለው ያመጡለታል። ከዚያ ያለው እንግዳ ያገኘውን ይህን ይቅርታ፥ በገጠር ያለ አባት ከተማሪ ቤት ለመጣ ልጁ ሊነፍገው አይገባም፤ ልጁም ለአባቱ።

በግራ እጁ የሚበላን ሕፃን የሚመቱ ወላጆች ነገርም ከዚህ የራቀ አይደለም። ሕፃኑ እንዲህ ሆኖ ተፈጥሮአል እንጂ ሥርዓት ሊያፈርስ አላሰበም። እጁን በጨርቅ አስረው ሲያስለቅሱት ጨዋነት ያስተማሩት ይመስላቸዋል።

ያ ልጅ በሚከተለው ዓመት ተማሪ ቤት ሳለ ንዳድ ያዘው። ትኵሳቱ ጠንቶበት ሁለት ሳምንት ተኛ፤ ማንካ ቢሰጡት ከእጁ ይወድቅ ነበር። የተማሪዎቹን እህል የምታበስል አንዲት ባልቴት ማታ ማታ ሥራዋን ስትጨርስ ትመጣና፥ ፍርፍሩን በጣትዋ እያለሰለሰች፥ በጣትዋ ጫፍ ሙቀቱን እየለካች ታጎርሰው ነበር። ብዙ እጅ የነካውን አልበላም ያለው ልጅ፥ የባልቴቲቱ እጅ ምን ሲነካ እንደ ዋለ አልጠየቀም፤ አንድ ማታ ብትዘገይ በሩን እያየ ይጠብቃት ነበር።

በሰኔ ወደ አገሩ ሲመለስ ከገበያ አንድ ቀላል ማንካ ገዛ፤ እጀታውንም በጨርቅ ጠቅልሎ አወፈረው። ማታ መሶቡ በቀረበ ጊዜ ማንቈርቈሪያውን ከእናቱ እጅ ተቀብሎ አባቱን አስታጠበ፤ ራሱም ታጥቦ ከመሶቡ አጠገብ ተቀመጠ። ማንም ስለ ባለፈው ክረምት ነገር አላነሣም። ከዚያም ማንካውን አውጥቶ በአያቱ እጅ አኖረውና፥ «እማማ፥ በዚህ ይብሉ፤ ሰው አያስፈልግዎትም» አላት። አሮጊቲቱ ማንካውን ገልበጥ አድርጋ አየችው፥ ሳቀችም። የታጠፉ ጣቶችዋ ወፍራሙን እጀታ መያዝ ቻሉ። ሽሮውን ከእንጀራ ጋር ጥቂት ዛቀች፤ እጅዋ እየተንቀጠቀጠ ማንካውን አነሣች፤ ሁሉም የምትጎርስ መስሎአቸው ሲያዩ፥ ወደ ልጁ አፍ አዞረችው። ሽሮው በጋቢው ላይ ጠብ አለ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ደግሞ ዛቀችለት።